ጄን ኤር በቶርንፊልድ፦ የቤቱ እንግዳ ወይስ የቤቱ ሠራተኛ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ቻርሎት ብሮንቴ «ከረር ቤል» በሚል የብዕር ስም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1847 ለንባብ ስላበቃችው ስለ «ጄን ኤር» በርካታ ጥያቄዎች ደርሰውናል። አብዛኞቹ በመጽሐፉ ውስጥ ስላለው የመደብ ልዩነት የሚያነሡ በመሆናቸው የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። ታሪኩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ለመግለጽ፣ ጄን ወላጆቿ በሕፃንነቷ የሞቱባት፣ በሟች አጎቷ ሚስት በወይዘሮ ሪድ ቤት እየተገፋች ያደገች፣ ሎውድ በተባለ የበጎ አድራጎት አዳሪ ትምህርት ቤት ተምራ እዚያው ያስተማረች፣ ኋላም ቶርንፊልድ በሚባል ትልቅ የገጠር መኖሪያ ቤት የአንዲት ሕፃን አስተማሪ ሆና የተቀጠረች ልጅ ናት። የቤቱ ጌታ ሚስተር ሮቸስተር ይወዳትና ሊያገባት ሲል፣ በዚያው ቤት ላይኛው ፎቅ የተቆለፈባት ሚስት እንዳለችው ይገለጣል። ጄን ጥላው ትሄዳለች፤ በኋላ ውርስ አግኝታ፣ ሚስቱ ሞታ፣ እርሱም የዓይኑን ብርሃን አጥቶ ሳለ ተመልሳ ታገባዋለች።

ጥያቄ፦ በንባብ ቡድናችን በመጽሐፉ ላይ ስንወያይ ሳንስማማ ተለያየን። ጄን ፈረንሳይኛ ትናገራለች፣ ፒያኖ ትጫወታለች፣ ሥዕል ትሥላለች፣ ማታ ማታ ከቤቱ ጌታ ጋር ተቀምጣ ትጨዋወታለች። እንግዶች ሲመጡ ግን እንደሌለች ተቆጥራ እዚያው ፊቷ ላይ ትታማለች። ለመሆኑ ይህች ልጅ ገረድ ናት ወይስ ወይዘሪት? ግማሾቻችን መጽሐፉ የመደብ ሥርዓትን የሚቃወም ነው ስንል፣ ግማሾቹ ደግሞ አይደለም ይላሉ። እርስዎስ ምን ይላሉ? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጄን ከሁለቱም አይደለችም፤ የመጽሐፉም ጉልበት የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ገቨርነስ የምትባለው የቤት ውስጥ አስተማሪ በቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ ኑሮዋ አስቸጋሪ የነበረው፣ ለሥራው የምትመረጠው ከጨዋ ቤተሰብ በመወለዷ፣ ክብሯን የምታጣው ደግሞ ያንኑ ሥራ በመያዟ ስለ ነበር ነው። የባለጠጋ ልጆችን አነጋገር፣ አቀማመጥ፣ ሙዚቃና ፈረንሳይኛ የምታስተምር ሴት ራሷ እንደ እነርሱ ያደገች መሆን ነበረባት፤ ይሁን እንጂ እንደዚያ ያደገች ሴት ለደመወዝ ተቀጥራ መሥራቷ እንደ ውርደት ይታይ ነበር። ስለዚህ ወደ ሥራው የሚገቡት አባታቸው የከሰረባቸው ወይም የሞተባቸው፣ አለዚያም እንደ ብሮንቴ እኅቶች ገቢው አነስተኛ የሆነ ቄስ አባት ያላቸው ሴቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1851 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ 25,000 ያህል ገቨርነሶች ተመዝግበዋል።

ብሮንቴ ይህን ኑሮ ኖራበታለች። እ.ኤ.አ. በ1839 በአንድ ባለጠጋ ቤተሰብ ዘንድ ተቀጥራ ሳለች ለእኅቷ ለኤሚሊ በጻፈችው ደብዳቤ፣ በግል ቤት የምታስተምር ሴት ከአታካች ሥራዋ ውጭ እንደ ሕያውና አሳቢ ፍጡር እንደማትቆጠር በምሬት ገልጣለች። ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ቤት ስትቀጠር ደመወዟ በዓመት 20 ፓውንድ ነበር፤ ከዚያም ላይ የልብስ ማጠቢያ ይቆረጥባት ነበር። ጄን በሎውድ አስተማሪነቷ 15 ፓውንድ፣ በቶርንፊልድ 30 ፓውንድ ታገኛለች። ደራሲዋ ለፈጠረቻት ልጅ እርሷ ካገኘችው አብልጣ እንደ ከፈለች ልብ ይሏል።

ጠያቂያችን የጠቀሱት የእንግዶች ምሽት በዝርዝር ቢታይ ጥሩ ነው። ሮቸስተር ጄን ወደ ሳሎን እንድትመጣ ያዛል፤ እርሷም በመስኮቱ ሥር ካለው መቀመጫ ላይ፣ መጋረጃው በከፊል እንዲሸፍናት አድርጋ ትቀመጣለች። ሮቸስተርን ለማግባት የምታስበው ብላንሽ ኢንግራም ሕፃኗን ለምን ትምህርት ቤት እንዳልላካት ስትጠይቀው፣ ትምህርት ቤት ውድ ስለሆነ አቅሙ እንደማይፈቅድ ይነግራታል። እርሷም አስተማሪ መቅጠር ከዚያ የባሰ ወጪ እንደሚያስወጣ፣ ከደመወዙ ሌላ ሁለት ሰው ማኖር እንደሚመጣ ታስረዳዋለች። ጄን በዚህ ስሌት ውስጥ የምግብ ወጪ ሆና ትቆጠራለች። ብላንሽ ቀጥላም እርሷና እኅቷ በልጅነታቸው ደርዘን ያህል አስተማሪዎችን እንደ አሳለፉ፣ ግማሾቹ የሚያስጠሉ፣ የቀሩት የሚያስቁ እንደ ነበሩ ትተርካለች። እናቷ እመቤት ኢንግራም ደግሞ የፊት ገጽታ ማንበብ ዐውቃለሁ ትልና በጄን ፊት ላይ የመደቧን ጉድለት ሁሉ እንዳየች ትናገራለች። ይህ ሁሉ የሚባለው ጄን እየሰማች ነው። ሰዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ እንኳ አስፈላጊ መስሎ አይታያቸውም።

ከእርሷ በታች ያሉትስ? የቤቱ አስተዳዳሪ ወይዘሮ ፌርፋክስ ገና ጄን በመጣችበት ምሽት፣ ሊያና ጆን ደኅና ሰዎች ቢሆኑም አገልጋዮች ብቻ ስለሆኑ እንደ እኩያ ማነጋገር እንደማይቻል፣ ሥልጣንን ላለማጣት ራቅ አድርጎ መያዝ እንደሚገባ ታጫውታታለች። ክረምቱን ሙሉ የሚያነጋግራት ሰው አጥታ በብቸኝነት ስትሠቃይ የከረመች አሮጊት ይህን መናገሯ፣ ደረጃ የሚባለው ነገር ከላይ ያሉትንም ምን ያህል እንደሚያሥር ያሳያል። ይህችው ሴት በባሏ በኩል ከሮቸስተር እናት ጋር ትዛመዳለች፤ ነገር ግን በዝምድናው እንደማትመካ፣ ራሷንም እንደ ተራ የቤት አስተዳዳሪ እንደምትቆጥር ትናገራለች። ጄን በበኩሏ ወይዘሮ ፌርፋክስ የቤቱ ባለቤት መስላት ኖሮ፣ ደመወዝተኛ መሆኗን ስታውቅ ደስ ይላታል፤ በመካከላቸው ያለው እኩልነት ከበላይ ሰው ቸርነት የመጣ ሳይሆን እውነተኛ ነውና።

አሁን ወደ ክርክራችሁ ልመለስ። እኔ የማደላው አይደለም ወደሚሉት ነው። ጄን የምትቃወመው እርሷን በማይገባት ቦታ ያስቀመጧትን ሰዎች ነው፤ ቦታ የሚባለው ነገር መኖሩን ግን እስከ መጨረሻው አትቃወምም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን ገና በሦስተኛው ምዕራፍ የምናገኘው ንግግር ነው። አስቀድሞ አቦት የተባለችው ገረድ የአሥር ዓመቷን ጄን፣ ለምትበላው የምትሠራው ነገር ስለሌለ ከገረድ እንኳ እንደምታንስ ነግራታለች። ጄን ስትታመም የሚጠራላት ሚስተር ሎይድ መድኃኒት ቀማሚ ነው፤ ወይዘሮ ሪድ ለራሷና ለልጆቿ ሐኪም ታስጠራለች፣ ሚስተር ሎይድን የምታስጠራው አገልጋዮቿ ሲታመሙ ነው። ብሮንቴ ስለ ልጅቱ ደረጃ ሌላ ማብራሪያ አልጨመረችም፤ አያስፈልግምም። እንግዲህ ሎይድ በአባቷ በኩል ድኾች ዘመዶች ቢኖሯት ወደ እነርሱ መሄድ ትፈልግ እንደሆነ ሲጠይቃት፣ ከድኾች ወገን መሆን አልፈልግም ትለዋለች። ደጎች ቢሆኑልሽስ? ይላታል። አሁንም ራሷን ትነቀንቃለች። እንደ እነርሱ መናገርን፣ የእነርሱን ጠባይ መልመድን፣ ሳይማሩ መቅረትን ስታስብ፣ ነጻነትን በደረጃዋ ዋጋ ለመግዛት የሚያስችል ጀግንነት እንዳልነበራት አድጋ ታሪኩን ስትተርክ ትናገራለች። እየተደበደበች የምትኖርበትን ቤት ትጠላዋለች፤ ከዚያ ቤት ወጥታ ድኻ መሆንን ግን የባሰ ትፈራዋለች።

ይህ የልጅነት ስሜት ብቻ ነው እንዳይባል፣ ከቶርንፊልድ ከሸሸች በኋላ ሞርተን በሚባል መንደር በገበሬ ልጆች ትምህርት ቤት ማስተማር ስትጀምር በመጀመሪያው ምሽት የሚሰማትን እንመልከት። 20 ተማሪዎች አሏት፤ ማንበብ የሚችሉት 3 ብቻ ሲሆኑ መጻፍና ማስላት የሚችል የለም። ጄን እነዚህ ልጆች በሥጋና በደም ከታላላቅ ቤተሰብ ልጆች እንደማያንሱ ለራሷ ታሳስባለች፤ ነገር ግን ወዲያው የተዋረደች እንደ መሰላት፣ በማኅበራዊው ደረጃ ከፍ የሚያደርጋትን ሳይሆን ዝቅ የሚያደርጋትን እርምጃ የወሰደች እንደ መሰላት ታምናለች፤ ስለዚህ ስሜቷም ራሷን ቂል ብላ ትሰድባለች። ብሮንቴን ከብዙ የዘመኗ ደራሲያን አስበልጬ የማየው እንደዚህ ባለው ቦታ ነው። የደረጃ ስሜት ክፉ ሰዎች ላይ ብቻ የሚገኝ ነገር አድርጋ ማቅረብ ስትችል፣ በተበደለችው ልጅ ልብ ውስጥ አስቀምጣዋለች።

እኩልነትን የምትጠይቅበት ዝነኛው ንግግርስ? ሮቸስተር ብላንሽን ሊያገባ ነው ብላ ባመነችበት ሰዓት፣ ድኻ፣ ስም የለሽ፣ መልከ ተራና ትንሽ ስለሆንሁ ነፍስና ልብ የለኝም ብለህ ታስባለህን? ትለዋለች። ይሁን እንጂ በዚያው ንግግሯ እኩልነቱን የምታስቀምጠው ሁለቱም መቃብርን ተሻግረው በእግዚአብሔር እግር ሥር እንደ ቆሙ አድርጋ ነው። ንግግሩ ልብ የሚነካ መሆኑ አያጠራጥርም። በቶርንፊልድ ወጥ ቤት ውስጥ ግን ማን ለማን እንደሚታዘዝ አይለውጥም።

ጥያቄ፦ ሮቸስተር የመጀመሪያ ሚስቱን ያገባው ለገንዘብ እንደሆነ ተጽፏል። ቤተሰቡ ባለ ርስት ከሆነ ገንዘብ ምን አስፈለገው? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ርስቱ የአባቱ እንጂ የእርሱ ስላልነበረ ነው። በእንግሊዝ ባለርስቶች ዘንድ መሬትን ለልጆች ማከፋፈል ቤተሰቡን ማፍረስ ተደርጎ ይታይ ስለ ነበር፣ ሁሉም ነገር ለበኩር ወንድ ልጅ ይተላለፍ ነበር። ታናናሾቹ ወደ ጦር ሠራዊት፣ ወደ ክህነት ወይም ወደ ሕግ ሙያ ይገባሉ፤ አለዚያ ባለጠጋ ሴት ይፈለግላቸዋል። የሮቸስተር አባት ርስቱን ከፍሎ ለሁለተኛ ልጁ መስጠት አልፈለገም፤ ልጁ ድኻ ሆኖ እንዲታይም አልፈለገም። ስለዚህ ሁሉንም ለታላቁ ለሮውላንድ ትቶ፣ ታናሹን 30,000 ፓውንድ ወዳላት የጃማይካ ልጅ ወደ በርታ ሜሶን ላከው። ወጣቱ ስለ ገንዘቡ ምንም አልተነገረውም፤ የሰማው ልጅቱ በስፓኒሽ ታውን በውበቷ የታወቀች መሆኗን ብቻ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሮውላንድም አባቱም ሞቱና ርስቱ በሙሉ በእጁ ገባ፤ ጋብቻው ባልተፈጸመ ኖሮ የሚያጣው ነገር አልነበረም ማለት ነው።

ብላንሽ ኢንግራምም የዚሁ ሥርዓት ሰለባ ናት፤ አንባቢ ስለሚጠላት አያስተውላትም እንጂ። የአባቷ ርስት በአብዛኛው ለወንድሟ ስለ ተላለፈ እርሷና እኅቷ ይህን ያህል ሀብት እንደሌላቸው ወይዘሮ ፌርፋክስ ለጄን ነግራታለች። ፈረስ መጋለብ፣ መዝፈንና ሰው መናቅ የተማረች ልጅ ከጋብቻ በስተቀር መተዳደሪያ የላትም። ሮቸስተር ሀብቱ ከሚባለው ሲሶ እንኳ እንደማይሆን ሆን ብሎ ሲያስወራ ብላንሽም እናቷም ፊታቸውን ያዞሩበታል፤ መጽሐፉ ይህን ለፍቅር የለሽነቷ ማስረጃ አድርጎ ያቀርበዋል። እኔ ግን ከዚያ ይልቅ የኑሮ ስሌት ሆኖ ይታየኛል።

ስለ 30,000 ፓውንዱ አንድ ነገር ልጨምር። የበርታ አባት በዌስት ኢንዲስ የእርሻ ባለቤትና ነጋዴ ነበር። በጃማይካ እንዲህ ያለ ሀብት የሚገኘው በባርነት በተያዙ አፍሪካውያንና በልጆቻቸው ጉልበት ነበር፤ የብሪታንያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1833 ባርነትን በሕግ ሲያስቀር 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ የመደበው ለባሪያ አሳዳሪዎቹ ነው፤ ባሮቹ ምንም አላገኙም። ብሮንቴ የገንዘቡን ምንጭ አትዘረዝርም። የቶርንፊልድ ደረጃዎች ሁሉ ግን፣ ከሳሎኑ እስከ ወጥ ቤቱ፣ ስማቸው በመጽሐፉ በማይነሣ ሰዎች ላይ የቆሙ ናቸው።

ጥያቄ፦ መጽሐፉ በወጣበት ጊዜ ለሥርዓቱ አደገኛ ነው ተብሎ ነበር ይባላል። እውነት ነው? (አንባቢ፣ ከዋሽንግተን)

መልስ፦ እውነት ነው። ኤሊዛቤት ሪግቢ የተባለች ሐያሲ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1848 «ኳርተርሊ ሪቪው» በተባለው መጽሔት ስሟን ሳትገልጥ ባወጣችው ጽሑፍ፣ መጽሐፉ እግዚአብሔር በደለደለው የባለጠጋና የድኻ ኑሮ ላይ የሚያጉረመርም ነው ስትል ወቅሳዋለች፤ በአውሮፓ ሥልጣንን የገለበጠውና በአገር ውስጥ ቻርቲዝምን ያሳደገው መንፈስ «ጄን ኤር»ንም እንደ ጻፈ ተናግራለች። ቻርቲስቶች የሠራተኛው መደብ ወንዶች እንዲመርጡ የሚጠይቁ ሰዎች ነበሩ፤ በዚያው ዓመት በኤፕሪል 10 ለንደን ኬኒንግተን ኮመን ላይ ያደረጉት ሰልፍ መንግሥትን አስደንግጦ ነበር። ፍርሃቷ ከላይ ለመጀመሪያው ጥያቄ ከሰጠሁት መልስ ጋር እንደማይስማማ ዐውቃለሁ። በዚያ ዓመት ግን አንዲት ደመወዝተኛ ሴት ለጌታዋ «እኩል ነን» ማለቷ ብቻ በቂ ሥጋት ነበር። የሚገርመው፣ ይህችው ሐያሲ በዚያው ጽሑፍ ስለ ገቨርነሶች መከራ በርኅራኄ መጻፏ ነው፤ ለቦታው ብቁ ለመሆን በትውልድም በአእምሮም በጠባይም ከቦታው በላይ መሆንን የሚጠይቅ እንዲህ ያለ ጨካኝ ሥራ ሌላ እንደሌለ ተናግራለች።

ጥያቄ፦ ጄን በራሷ ጥረት ከፍ ትላለች ብዬ ስጠብቅ ድንገት ከሞተ አጎት 20,000 ፓውንድ ይመጣላታል። ይህ ደራሲዋ ከችግሩ ያመለጠችበት መንገድ አይደለም ወይ? ያለ ውርሱስ ብታገባው ምን ነበረበት? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ማምለጫ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ደራሲዋ ሒሳቡን የምታውቅ ሰው ናት። በዓመት 30 ፓውንድ የምታገኝ ሴት ከደመወዟ ምንም ሳታወጣ ብትቆጥብ 20,000 ፓውንድ የምትደርሰው ከ666 ዓመት በኋላ ነው። በጥረት ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ ለሴት አልነበረም። ጄን በመጀመሪያው እጮኝነት ጊዜ ሮቸስተር ሐርና ጌጥ ሊገዛላት ሱቅ ለሱቅ ሲያዞራት ውርደቷ እየጨመረ ሄዶ፣ የራሷ ጥቂት ገንዘብ ቢኖራት እንደሚሻላት አስባ በማዴይራ ለሚኖረው አጎቷ ደብዳቤ ጽፋለች። ስለዚህ ውርሱ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ የፈለገችው ነገር ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ወደምትሞተው ወይዘሮ ሪድ ለመሄድ ስትነሣ ሮቸስተር የ15 ፓውንድ ዕዳውን በ50 ፓውንድ ኖት ሊከፍላት ይሞክራል። ጄን የምመልስልህ ዝርዝር ገንዘብ የለኝም ትለዋለች። እርሱም 50 ፓውንድ ከያዘች ሦስት ወር ትቀርብኛለች ብሎ 10 ብቻ ይሰጣትና ይበቃሻል? ይላታል። ይበቃኛል፤ አሁን ግን 5 ይቀርብሃል ትለዋለች። በሁለቱ መካከል ያለው ፍቅር ምን ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ከብዙዎቹ የአትክልት ቦታ ንግግሮች ይልቅ እኔ ይህችን አጭር ሒሳብ እመርጣለሁ። ደመወዟን ልቅም አድርጋ ትጠይቃለች፤ ስጦታውን ትፈራዋለች።

ያለ ውርሱ ብታገባው ምን ነበረበት? ወይዘሮ ፌርፋክስ መልሱን አስቀድማ ሰጥታለች፤ እንደ ሮቸስተር ያሉ ሰዎች የቤታቸውን አስተማሪ ማግባት ልማዳቸው አይደለም ስትል አስጠንቅቃታለች። ጄን ከደመወዝተኛነት በቀጥታ ወደ ሚስትነት ብትሻገር የምትለብሰውም የምትበላውም እንደ ቀድሞው ከእርሱ እጅ በሆነ፤ ያውም ቀድሞ በውል የሚገባት ደመወዝ ነበራት፣ ሚስት ስትሆን ግን እርሱም ይቀራል። ለዚህ ነው ተመልሳ ስትመጣ ነጻ ነኝ፣ ባለጠጋም ነኝ፣ የራሴ እመቤት ነኝ የምትለው፤ ከእርሱ ጋር እንድትኖር ካልፈቀደላት በደጁ አጠገብ የራሷን ቤት መሥራት እንደምትችልም ትነግረዋለች።

ነጻነቱ የሚዘልቀው ግን እስከ ሠርጉ ቀን ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሕግ አስቀድሞ የተለየ ውል ካልተደረገ በስተቀር፣ የሚስት ገንዘብ በጋብቻ ወደ ባል ይተላለፍ ነበር። ያገቡ ሴቶች ገቢያቸውን ለራሳቸው መያዝ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1870 በወጣው ሕግ ሲሆን፣ ንብረትን በሙሉ በስማቸው ለመያዝ የቻሉት በ1882ቱ ሕግ ነው። ብሮንቴ እ.ኤ.አ. በ1855 ስለ ሞተች ሁለቱንም አላየችም። ሮቸስተር ዓይነ ስውር ሆኖ መቅረቡን ብዙ አንባቢዎች እንደ ቅጣት ይወስዱታል፤ እኔ ግን ሕጉ የማይሰጣትን የበላይነት ደራሲዋ በአካል ጉዳቱ በኩል ለመስጠት የሞከረች ይመስለኛል፤ ይህም ደስ የማይል መፍትሔ ነው።

ጠያቂያችን ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ሌላ ነገር አለ። አጎቷ ጆን ኤር በማዴይራዋ ከተማ በፉንቻል የሜሶን ንግድ ቤት ወኪል ነበር፤ ያ ሜሶን የበርታ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ጄንን ከሮቸስተር እኩል ያደረጋት ገንዘብና ሮቸስተርን ከበርታ ጋር ያሠረው ገንዘብ በአንድ የንግድ መስመር ላይ የሚገናኙ ናቸው። ጄን ውርሱን ከሦስት የአክስት ልጆቿ ጋር እኩል ተካፍላ ለእያንዳንዳቸው 5,000 ፓውንድ ታደርሳለች። ከእነዚህ ሁለቱ፣ ዳያናና ሜሪ ሪቨርስ፣ ከዚያ በፊት በደቡብ እንግሊዝ በሚገኝ ከተማ በባለጠጋ ቤቶች ገቨርነሶች ነበሩ፤ ገንዘቡ ከደረሳቸው በኋላ ሥራውን ትተው አንዷ የባሕር ኃይል መኮንን፣ ሌላዋ ቄስ አግብተዋል። ለረጅም ዓመታት ያገለገለቻቸው ሐና ግን ከውርሱ የምትካፈልበት ስሌት አልነበረም፤ በቤቱ አገልጋይ ሆና ትቀጥላለች።